አውራና ቄብን ስለ መለየት

በአቀስታ ባደግሁበት ቤት ጨውና ላምባ የሚገዛው በዕንቍላል ዋጋ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ካደጉት ጫጩቶች አውራ አውራውን መርጬ ወደ ገበያ እንድወስድ፥ ቄቦቹን ግን ለዕንቍላል እንዳስቀር አዘዘችኝ። እኔም ፊደል የቈጠርሁ ነኝና ማንንም ሳልጠይቅ መልኩ ያማረውን ገብስማ አውራ ነው ብዬ ሸጥሁ፤ ጭምት የመሰለኝን ቀይ አስቀረሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ስሕተቴ መልክን ማመኔ ነበር። በአገራችን ገብስማ፥ ወሰራ፥ ቆቅማ፥ ዥግርማ እየተባለ የሚጠራው የላባ ስም ነው እንጂ ብቻውን የጾታ ምልክት አይሆንም። በእርግጥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ፑኔትና ፒዝ የተባሉ የካምብሪጅ ሊቃውንት ገና ከዕንቍላሉ ሲወጣ ወንድና ሴቱ በመልኩ የሚለይ፥ ካምባር የሚባል ዶሮ አርብተዋል፤ ነገር ግን ይህ ዘሩ በብልሃት ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ለእኛ ዶሮ የሚበጀው መታገሥ ነው፤ ይኸውም ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው በአውራው ዐናት ላይ ያለው ሥጋ ከቄቧ ይልቅ ይተልቃል፥ ፈጥኖም ይቀላል፤ ኋላም የአንገቱና የወገቡ ላባ ጫፉ ሹል ሆኖ ይረዝማል፤ የቄቧ ግን ጫፉ ክብ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀዩ ማለዳ ጮኸ። ገብስማዪቱም ከገበያ በገዟት በጎረቤታችን ጓሮ ዕንቍላል ጥላ ስታስካካ በአጥር ተሻግሮ ተሰማን። እናቴ እንዝርቷን ለጥቂት ጊዜ አቆመችና አየችኝ፤ ምንም አላለችም። በዚያ ሳምንት ራታችንን ያለ መብራት በላን።