ወደ ምናለሽ ተራ፤ ስለ አሮጌ የእጅ መሣሪያ

ስለ ጉዞ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር የተሻገረ ወይም ተራራ የወጣ ነው። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ጉዞ ግን ከፒያሳ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ሲሄዱት በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። መድረሻውም መርካቶ፤ ከመርካቶም ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎች በመኪና መስኮት አይተውት፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው አልፈውት ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ አልፌዋለሁ።

አስቀድሞ የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባሰበው የከተማ ፕላን መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር አደረገ። በቋንቋቸው ገበያ ማለት መርካቶ ነውና ስሙ በዚያው ጸና። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባሮ ሲወጣ ስሙን ይዞት አልሄደም፤ የመሣሪያዎቹንም ስም እንደዚሁ ትቶ ሄደ። ዛሬም በዚያ የሚሠራው ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ስጠኝ፤ ፒንሳ አቀብለኝ፤ በሞርሳ እሰረው ይላል፤ ሦስቱም የኢጣልያ ቃል ናቸው። መዶሻና መሮ፤ ጉጠትና ወናፍ ግን በቀድሞ ስማቸው ይጠራሉ። ይህን የምናገረው ለቋንቋ ክርክር ብዬ አይደለም፤ በአንድ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡት ብረቶች ከስንት አገርና ከስንት ዘመን እንደ ተሰበሰቡ ገና ከስማቸው ስለሚታወቅ ነው።

ወደ ሰፈሩ ሲቀርቡ ከዐይን በፊት ጆሮ ይደርሳል። መቶ መዶሻ በአንድነት ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ለማያውቀው ሰው የጦርነት ይመስላል። በዚያ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀው ጎማ ተቈርጦ በርባሶ ጫማ ይሆናል፤ የዘይት ቈርቈሮ ኩራዝ ይሆናል፤ የተጣመመው ሚስማር እንኳ ተቃንቶ በቍና ይሸጣል። ስሙም ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት ገዢዎች እመቤቲቱን «ምን አለሽ?» እያሉ ከመጠየቃቸው የመጣ ነው ይባላል። እነዚሁ ሰዎች በየሰፈራችን «ቆራሌው» እያሉ የሚጮኹት ናቸው። ከየቤቱ ጓዳ የወጣው ነገር ሁሉ በጫንቃቸው ወደዚህ ይመጣል።

እኔ ወደዚህ ስፍራ መመላለስ የጀመርሁበትን ምክንያት ለመናገር ጥቂት ስለ ሥራዬ መግለጥ ግድ ይሆንብኛል። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ የሟቾችን ንብረት ዝርዝር እጽፋለሁ። ወርቁ በግራም፤ ቦታው በካሬ ሜትር፤ የብር ጌጡም በፍሬ እየተቈጠረ ይጻፋል። ሟቹ አናጢ ወይም ግንበኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሠላሳ ዓመት ልጆቹን ያበላበት መሣሪያ በዝርዝሩ መጨረሻ «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረት፤ አንድ ሣጥን» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በእጄ እንደ ጻፍሁት አልቈጠርሁም። አንዱ ግን አይረሳኝም፤ የገዛ አባቴ ሣጥን ነበርና።

አባቴ አናጢ ነበረ። እኔ ዳዊት ደግሜ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሬ ወደ መሥሪያ ቤት ስገባ ያባቴን ሥራ በሰው ፊት ለመናገር አፍር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን የሚሳደበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዐዋጁ ሌላውን ሰው የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። አባቴ ባረፈ ጊዜ ወንድሞቼና እኅቶቼ «ዝርዝሩን አንተ ጻፍ» ስላሉኝ ጻፍሁ፤ ሣጥኑንም እንደ ልማዴ አሮጌ ብረት አልሁት። ማንም አልፈለገውም። እናቴ ለቆራሌ ስትሰጠው ቆሜ እያየሁ ዝም አልሁ፤ በልዋጩም ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለች።

ይህ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ነው። አምና የመጨረሻው ልጄ የእንጨት ሥራ ወድዶ «አባባ፤ የአያቴ መሮ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ስላጣሁ በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድሁ። የአባቴ ምልክት በእጀታው ላይ የተቀረጸ ትንሽ መስቀልና ከሥሩ «ገ» የሚል ፊደል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ሁሉ ዝገት ብቻ መሰለኝ። አንድ የመላጊያ ስለት ገዛሁና ፈጥኖ እንዲያልቅልኝ ብዬ በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ ወደሚስል ሰው ወሰድሁት። እሳቱ እየፈነጠቀ በአምስት ደቂቃ አብረቅርቆ ተመለሰልኝ፤ ጫፉም እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መልኩ ደስ ስላሰኘኝ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። እንጨት ላይ ሲውል ግን እንደ እርሳስ ታጠፈ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ብረት 300 ዲግሪ ያህል ሲግል ሰማያዊ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜም ሠሪው በእሳትና በውሃ የሰጠው ጥንካሬ ይለቅቀዋል።

ይህን ያስረዱኝ በምናለሽ ተራ አሮጌ መሣሪያ ዘርግተው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸው ዘንድ አንድ ሰፊ መሮ አንሥቼ፦

«አባባ፤ ይህ ስንት ነው?» አልሁ።

«ሦስት መቶ ብር ነው ጌታዬ።»

«እንዲህ ዝጎ ሳለ ሦስት መቶ ብር?»

«ዝገቱን እኮ በነጻ ነው የጨመርሁልዎ» አሉኝ፤ በአጠገባቸው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በመቶ ሰማንያ ብር ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆነናል፤ ያስተማሩኝንም ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ነው። አሮጌ ስለት ሲገዛ ላዩን በሸፈነው ቀይ ዝገት መደንገጥ አይገባም፤ ዱቄት ነውና ይለቃል። የሚያሠጋው ዝገቱ በልቶት ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት የተቦረቦረው ነው፤ ይልቁንም ቡርቡሩ በጫፉ ጀርባ ላይ ከሆነ ስለቱ ምንጊዜም አይቀናም። ብረቱን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በሌላ ብረት ቢመቱት ጤነኛው እንደ ጸናጽል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። መጋዝ የሆነ እንደ ሆነ በዐይን ትክክል አድርጎ ከእጀታው እስከ ጫፉ መመልከት ነው፤ ጥርሱ ቢደነዝ በሞረድ ይሳላል፤ አንድ ጊዜ የተቈለመመ መጋዝ ግን በጀማሪ እጅ አይቃናም። የመላጊያ ገላ ቀልጦ የተጣለ ብረት ስለ ሆነ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከስለቱ መውጫ ግራና ቀኝ ያለውን ስፍራ አጥብቆ ማየት ነው። ስለ እጀታ መሰበር መጨነቅ አያሻም፤ ወይራ በአገራችን ሞልቷል።

ወደ መሮው ልመለስ። ቤቴ ወስጄ አንገቱን በጨርቅ ባሸው የእንግሊዝ ፊደል ታየኝ፤ «ካስት ስቲል» ይላል፤ ከሥሩም «ሼፊልድ»። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያጠናሁት እንግሊዝኛ ከደብዳቤ ማርቀቅ ሌላ ጥቅም ይሰጠኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሼፊልድ በእንግሊዝ አገር የብረት ሥራ ከተማ ናት። በዚያ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ፤ የሰዓቱ ጥቅል ሽቦ እየተሰበረ ቢያስቸግረው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1740ዎቹ ዓመታት ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ፈጽሞ አቅልጦ ንጹሕ አድርጎ የመጣልን ዘዴ አገኘ። እነዚያ ሁለት ቃላት የዚያ ዘዴ ማኅተም ናቸው፤ ከዚያም ወዲህ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በብዙ መሣሪያ ላይ ሲመቱ ኖረዋል። ሰዓቱን ለማስተካከል የደከመ አንድ ሰው የሠራው ነገር በመርካቶ አቧራ ውስጥ በማዳበሪያ ላይ ተገኝቶ በእጄ መያዜ አስገረመኝ።

አሁን የማጽዳቱ ነገር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ብራና ሲዘጋጅ አይቻለሁ። ፋቂው ቸኩሎ የፋቀው ብራና ይቀደዳል፤ ፈርቶ ያልፋቀውም ቀለም አይቀበልም። ብረትም እንደዚሁ ነው። መሮውን በአቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳደርሁት፤ ኮምጣጣው ዝገቱን ይፈታል፤ ከዚያ በላይ ቢቈይ ግን ደኅናውንም ብረት መብላት ይጀምራል። ማለዳ አውጥቼ በብሩሽ አጠብሁት፤ የኮምጣጣው ኀይል እንዲሞት በዐመድ ውሃ አለቀለቅሁት፤ ወዲያውም በምድጃ አጠገብ አድርቄ ዘይት ቀባሁት። እርጥብ ሆኖ የተተወ እንደ ሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳግመኛ ቀይ ይለብሳል። በፊደሎቹ ላይ የብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁም፤ ስሙ የተፋቀ መሣሪያ ማኅተሙ እንደ ተቀደደ ሰነድ ነው።

መሳሉ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በመጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቼ የጀርባውን ጫፍ ዐይን እስኪያሳይ ድረስ አስተካከልሁ፤ ቀጥሎ ፊቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ዝንባሌ በመሳያ ድንጋይ ላይ እያራስሁ ሳልሁት፤ በመጨረሻም በጠፍር ላይ አለሰለስሁት። በዚያ ማታ ትዝ ያለኝ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የተጻፈው ነበር፤ በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ በታጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ወደ ፍልስጥኤም ይወርድ ነበር። በልጅነቴ ይህን ምዕራፍ ሳነብ የጦርነት ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እጀታው ተሰንጥቆ ስለ ነበረ ጥዬ በወይራ ልለውጠው አስቤ ነበር። ዘይት ቢቀባ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ በተልባ ዘይት ብወለውለው ከጥቍረቱ በታች ሁለት ፊደል ብቅ አለ፤ «ወ» እና «ተ»። የእኔ አባት አይደለም። የአንድ ሰው አባት ግን ነው፤ ሣጥኑንም አንድ ጸሐፊ አሮጌ ብረት ብሎት ይሆናል። እጀታውን መጣል ስላቃተኝ ስንጥቁን በኮላ ሞልቼ፤ በሲባጎ ጠፍሬ ሁለት ቀን አቈየሁት፤ ያዘም። ከዚያ በኋላ የተልባውን ዘይት በስሱ እየቀባሁ፤ የተረፈውን እየጠረግሁ፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ደጋገምሁት። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ያለ ክብሪት ሊቃጠል ይችላል። ከደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል።

ልጄ በዚህ መሮ መጀመሪያ የሠራው በርጩማ ነው። የእግሮቹን መግቢያ ቀዳዳ ሲቦረቡር ከአንድ ቀን በላይ ፈጀበት፤ አንዱም ቀዳዳ ጠምሞ ቀረ። እናቴ ከሰንበት ቅዳሴ ስትመለስ በክብር አስቀመጥናት። ወዲያና ወዲህ ካለች በኋላ «ይነቃነቃል» አለች፤ ልጁም አቀረቀረ። ጥቂት ቈይታ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብላ «ያባትህም የመጀመሪያው እንዲሁ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ» አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ስለ አባቴ ሥራ ጠይቄአት አላውቅምና።

በመሥሪያ ቤትም ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አናጢ በሞተ ጊዜ ወራሾቹን ሣጥኑን አስከፍቼ መሣሪያውን አንድ በአንድ በስሙ እጽፋለሁ፤ መሮ በስፋቱ፤ መጋዝ በርዝመቱ፤ መላጊያ በሠሪው ስም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዝርዝሩ ሁለት ገጽ መሙላቱን አይቶ «ይህ ሁሉ ለብረት?» አለኝ። አንድ ወራሽ ግን ዝርዝሩ ሲነበብ ሰምቶ፤ ሊሸጠው የነበረውን ሣጥን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መስቀልና «ገ» ያለበትን መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ሽማግሌው ምልክቱን በወረቀት ላይ ሥዬ እንድሰጣቸው ጠይቀውኝ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ወረቀቱንም ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ለመጪው ቅዳሜ አዲስ ጭነት ይገባል፤ ማለዳ ይምጡ ብለውኛል።