ከቶክዮ እስከ ናጋሳኪ

ጃፓንን ለመጐብኘት የሚነሣ ሰው፥ ከመንገዱ አስቀድሞ የእግር ሹራቡን ደኅና አድርጎ ይመልከት፤ ቀዳዳ ቢያገኝበት ይለውጠው። በዚያ አገር ጫማ የሚወልቅበት ስፍራ ብዙ ነውና። በመኖሪያ ቤት፥ በብዙ የጸሎት ቤቶቻቸው፥ በጥንቱ ሥርዐት እንግዳ በሚቀበሉ ማረፊያዎች፥ በአንዳንድ ምግብ ቤትም ሳይቀር ጫማ ከደጃፍ ይቀራል። በመግቢያው ዝቅ ያለው ወለል የውጭ ነው፤ ከፍ ያለው የውስጥ ነው፤ ጫማውን እንዳጠለቀ ያን እርከን የሚወጣ ጃፓናዊ አላየሁም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማችንን ለምናወልቅ ለእኛ ልማዱ እንግዳ አይደለም። ያስደነቀኝ ግን እኛ ለቤተ እግዚአብሔር የምንሰጠውን ክብር እነርሱ እናት ወጥ ለምትሠራበት ቤት ጭምር መስጠታቸው ነው።

በመጸው ወራት ለዕረፍት ሄጄ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ነበርና፥ ካየሁትና ከተረዳሁት ጥቂቱን ለአንባብያን ላካፍል አሰብሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አገር ከእኛ ወገን አስቀድመው የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በ1931 በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። እርሳቸው በመርከብ ሳምንታት የተጓዙትን መንገድ ዛሬ አውሮፕላን በአንድ ቀን ያደርሰዋል።

ስለ ቶክዮ ስፋትና ስለ ሕንጻዎቿ ብዙ ተጽፏልና እኔ አላበዛም። ጧት ባቡሮቹ በሰው ይሞላሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆሞ ሳለ የሚሰማው የሐዲዱ ድምፅ ብቻ ነው። በባቡር ውስጥ በስልክ መነጋገር እንደ ነውር ይቈጠራልና። አንድ ሽማግሌ ግን ከወዴት እንደ መጣሁ በምልክት ጠይቆ ኢትዮጵያ ብለው፥ «አበበ!» አለና በሁለት ክንዱ የሩጫ ምልክት አሳየኝ። አበበ ቢቂላ በዚያች ከተማ ማራቶንን ያሸነፈው በ1964 ነበር።

በከተማይቱ መካከል፥ ሱሩጋዳይ በተባለው ኰረብታ ላይ፥ የትንሣኤ ካቴድራል አለ። ሕዝቡ በመሥራቹ ስም «ኒኮላይ-ዶ» ይለዋል። ኒኮላይ ካሳትኪን የተባለው ሩሲያዊ መነኩሴ በ1861 በሀኮዳቴ ወደብ ሲገባ ክርስትና በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ለመስበክ ሳይቸኵል ቋንቋውንና መጻሕፍቱን በመማር ዓመታት አሳለፈ። ሳዋቤ ታኩማ የተባለ ሰይፍ የታጠቀ የሺንቶ ካህን ሊገድለው በመጣ ጊዜ፥ መነኩሴው አስቀድመህ ትምህርቴን ስማና ከዚያ በኋላ ፍረድ ቢለው፥ ሰውየው ተቀምጦ አዳመጠ። በ1868 ተጠመቀ፤ በኋላም ቅስናን ተቀበለ። ካቴድራሉ የተባረከው በ1891 ነው፤ በ1923 በደረሰው ታላቅ የምድር መናወጥ ክፉኛ ፈርሶ በ1929 ታድሶ ተከፈተ። በ1904 ሩሲያና ጃፓን ጦርነት ሲገጥሙ ኒኮላይ መንጋውን ጥሎ አልሄደም። ምእመናኑ ለአገራቸው ድል እንዲጸልዩ ፈቀደላቸው፤ እርሱ ግን ሩሲያዊ ነውና ከማኅበሩ ጸሎት ራሱን አገለለ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ ጋር በቍርባን አንድ አይደለችም፤ ሆኖም ከዕጣኑና ከሻማው ፊት ቆሜ ሳለሁ እግሬ ለመውጣት ዘገየ።

ከቶክዮ ወደ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኪዮቶ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ዛሬ በጐብኚ ብዛት ተጨንቃለች፤ በ2024 ብቻ ወደ ጃፓን የገባው የውጭ አገር ሰው ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበር። ጊዮን በተባለው ሰፈር እንግዶች ባለሙያ ሴቶቹን ለፎቶግራፍ እያሳደዱ ስላስቸገሩ፥ በዚያው ዓመት አንዳንድ የግል መተላለፊያዎች ለጐብኚ ተዘጉ። መልካም አደረጉ እላለሁ፤ የሰው ልጅ ሲያልፍ ሲያገድም የሚታደን አውሬ አይደለምና።

በዚህች ከተማ የሻይ ሥርዐታቸውን አየሁ። የሥርዐቱ ታላቅ መምህር ሴን ኖ ሪክዩ ነው፤ በ1591 የጦር አለቃው ሂዴዮሺ ራሱን እንዲገድል አዝዞት ሞተ። ወደ ሻይ ቤቱ የሚገባበት በር ከፍታው ከ70 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ መኰንንም ቢሆን ገበሬ፥ አጐንብሶና በጕልበቱ ተንበርክኮ ካልሆነ አይገባም። ባለ ሰይፉም ሰይፉን ከውጭ ይተዋል። በውስጡ ከምንጣፍ፥ ከአንዲት አበባና ከአንድ የተጻፈ ጥቅል በቀር ጌጥ የለም። አስተናጋጇ ዕቃውን በእንግዳው ፊት ታጸዳለች፤ የተፈጨውን አረንጓዴ ሻይ በቀርከሃ መምቻ ትመታለች፤ ተቀባዩም የጽዋው ውብ ገጽታ ወደ አፉ እንዳይሆን አዙሮ ይጠጣል። በእኛ ቤት ቡና ሲፈላ ጐረቤት ተጠርቶ ጨዋታው ይደምቃል፤ እዚያ ግን የውኃው መፍላት ድምፅ እንኳ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር የእኛን ጨዋታ እመርጣለሁ፤ ያን ዝምታ ግን ደግሜ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ስለ ናራ አጋዘኖችና ስለ ታላቁ የነሐስ ምስል ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ከጉዞዬ ሁሉ በልቤ የቀረው ናጋሳኪ ነውና።

የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ የነበረው ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 ወደ ጃፓን ገብቶ ሰበከ። የዚሁ ማኅበር ሰዎች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በእኛ አገር ያደረሱትን የሚያስታውስ አንባቢ ስማቸው ሲነሣ ፊቱን ቢያጠቍር አልፈርድበትም። እኔ የማወራው ግን ስለ ሰባኪዎቹ ሳይሆን፥ ቃሉን ሰምተው ስላመኑት ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነው። በ1597 በሂዴዮሺ ትእዛዝ 26 ክርስቲያኖች በናጋሳኪ ኰረብታ ላይ ተሰቀሉ፤ ከመካከላቸው የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። በ1614 ሃይማኖቱ በመላው አገር ተከለከለ፤ ካህናቱም ተገደሉ ወይም ተባረሩ። ሹማምንቱ የክርስቶስን ወይም የእመቤታችንን ምስል መሬት ላይ እያኖሩ ሕዝቡ በእግሩ እንዲረግጠው ያስገድዱ ነበር፤ አልረግጥም ያለ ይያዛል።

እንግዲህ ካህን የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ይህም ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። የቀረው ቤተ ሰብ ብቻ ነበር። በየመንደሩ አንዱ የበዓላቱን ቀን ይቈጥራል፤ ሌላው ሕፃናትን ያጠምቃል፤ ጸሎቱን አባት ለልጁ በቃል ያስጠናል። ጸሎቱ ላቲንና ፖርቱጋልኛ የተቀላቀለበት ነበርና ትርጕሙ ከጊዜ ብዛት ቢጠፋባቸውም ድምፁን አልጣሉትም። ግእዝ ሳይሰሙ ዳዊት የሚደግሙ አያቶች ላሉን ለእኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። ካኖን የምትባለውን የቡድሃውያን ምስል፥ ሕፃን የታቀፈችውን መርጠው፥ በልባቸው እመቤታችን ናት እያሉ በፊቷ ይጸልዩ ነበር።

ጃፓን ለውጭ ሰው በሯን ከከፈተች በኋላ ፈረንሳውያን ካህናት በኦውራ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በማርች 17 ቀን 1865 የኡራካሚ መንደር ሰዎች ጥቂት ሆነው ሊጐበኙ የመጡ መስለው ገቡ። አንዲት ሴት ወደ ቄሱ ወደ ፔቲዣን ቀርባ ልባቸው ከእርሱ ልብ ጋር አንድ መሆኑን በቀስታ ነገረችው፤ የማርያም ምስል ወዴት እንዳለም ጠየቀችው። እገዳው ገና አልተነሣም ነበርና ከጥቂት ዓመት በኋላ ከ3,000 የሚበልጡ የኡራካሚ ሰዎች ወደ ልዩ ልዩ አውራጃ ተጋዙ፤ ከ600 የሚበልጡት በግዞት ሞቱ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው።

የተመለሱት ደክመው ታላቅ ካቴድራል ሠሩ። በኦገስት 9 ቀን 1945 ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ አቶሚክ ቦምብ ከዚያ ካቴድራል 500 ሜትር ያህል ርቆ ፈነዳ። ከኡራካሚ 12,000 ያህል ክርስቲያኖች 8,500 ያህሉ አለቁ። ከፍርስራሹ የተገኘው የእንጨት የማርያም ራስ፥ ዓይኖቹ ተቃጥለው፥ በ1959 እንደገና በተሠራው ካቴድራል ውስጥ ተቀምጧል። በፊቱ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር፤ የሚናገር ግን አልነበረም።

በመጨረሻ በድልድይ ተሻግሬ ወደ ኢኪጹኪ ደሴት ሄድሁ። እገዳው ሲነሣ ከስውሮቹ ሁሉም ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፤ በዚህ ደሴት ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጓዳ የጠበቁላቸውን ሥርዐት እንደ ያዙ ቀሩ። ስደት ያላጠፋውን ግን ሰላም እያመነመነው ነው። ወጣቶቹ ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቅ እያነሰ፥ አንዳንዱ ማኅበር ተበትኗል፤ ንዋየ ቅድሳቱን ለሙዚየም የሰጠም አለ። በደሴቲቱ ሙዚየም እመቤታችን ኪሞኖ ለብሳ ሕፃኑን ታቅፋ የተሣለችበትን ጥቅል አየሁ። በጨለማ ጓዳ ተሰውሮ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው እንዲህ ያለው ሥዕል ዛሬ መብራት በርቶለት በመስተዋት ውስጥ ይታያል። 11 ሰዓት ሲሆን ጠባቂዋ እጅ ነሥታ ደጁን አሳየችን፤ ጫማችንን አጥልቀን ወጣን።