ባናውን ያጠብኩ ዕለት

ሰው ሃምሳ ዓመት አልፎት ልብስ ማጠብ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን አላውቅም ኖሯል። ይኼን የተረዳሁት በ2014 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ፍላቂት እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው።

ፍላቂትን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ተነስታችሁ ዳገቱን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለውን መንገድ በስተቀኝ ትታችሁ ወደ ነፋስ መውጫ ስትቀጥሉ የምታገኟት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት። ቀን ፀሐይዋ ታታልላችኋለች እንጂ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እዚያ አገር የብርድ መድኃኒቱ ባና ነው፤ ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሸመን፣ ክብደቱ ራሱ የሚያሞቅ ብርድ ልብስ። ልጅ ይወለድበታል፣ እንግዳ ያድርበታል፣ ሽማግሌ ይታመምበታል። የእናቴን ባና እሷው ናት እኔን ባረገዘችበት ዓመት ከአባቴ በጎች ፀጉር የፈተለችው። በዕድሜ እኩያሞች ነን ማለት ነው። በአገልግሎት ግን እሱ ይበልጠኛል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ መቄት ሲመጣ፣ እኅቴ እናታችንን ይዛ ከመሸሿ በፊት እህሉንና ይኼን ባና ጉድጓድ ውስጥ ቀበረች። አፉን በጭቃ መረገች፣ ላዩ ላይ እበት አፈሰሰችበት። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ጀሪካን እንኳ አልተረፈም፤ ምጣዱ ለሁለት ተሰብሯል። ባናው ግን ከጉድጓዱ በሰላም ወጣ። ብቻ አፈር ውስጥ ከርሞ ሻግቷል፣ ሽታው ለሌላ ነው።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጬ የማይሠራ ስልክ ስደውል ነበር የከረምኩት። እናቱ በእግሯ ስትሰደድ ደህና ቤት ተኝቶ ያደረ ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። እናም መንገዱ ሲከፈት ዕዳዬን በአንድ ጊዜ ልከፍል ተነሳሁ፤ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ብረት ድስት፣ ሁለት ከረጢት የዱቄት ሳሙና ጭኜ ገባሁ።

እናቴ ባናውን አጥር ላይ አስጥታው አገኘሁ። «ለምን አልታጠበም?» ብል፣ «ይቆይ፣ እንዶድ ከወይና ደጋው ይመጣል፣ እኅትህ ገበያ ትፈልጋለች» አለችኝ። እንዶድ! እኔ ሁለት ከረጢት ሳሙና ይዤ መጥቼ? በማግሥቱ እኅቴ ገበያ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ውኃ አፈላሁ፤ ሙቅ ውኃ ለእኔ ትልቅ ደግነት ነበር። ሳሙናውን ሳልሰስት በተንኩበት። ከዚያ አሸሁት፣ ረገጥኩት፣ ጠመዘዝኩት። ውኃው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ሲወጣ ጦርነቱን ራሱን ያጠብኩት መሰለኝ።

እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ባናው ገመድ ላይ ነበር። ጠጋ ብላ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ይኼ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው እማዬ። አጠብኩልሽ።»

«በምን?»

«በሳሙና።»

«ውኃውስ?»

«አፍልቼ ነዋ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ በግ በፈላ ውኃ ይታጠባል?» አለችኝ።

ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ባናው ግማሽ ሆኗል። ሁለት ሰው የሚያለብሰው ለአንድ ልጅ የሚበቃ፣ ደረቅና ወፍራም ነገር ሆኖ ተንጠልጥሏል። ጎትቼ ላስረዝመው ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። እኅቴ ከገበያ እንዶዷን ቋጥራ ስትገባ መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ፣ «ጋሼ፣ ከስንት ነገር ያተረፍነውን አንተ ጨረስከው» አለች። እናቴ ተቆጣቻት። «ተይው! አስቦ ነው።»

አስቦ ነው። ከስድቡ ይልቅ ይቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ።

ኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ እንደ ልማዴ፣ ከጥፋቴ በኋላ መጽሐፍ ገለጥኩ። የበግ ፀጉር አንዷ ዘለላ ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች የተሸፈነ ነው። ሙቀትና ብርቱ ሳሙና ሽፋኖቹን ይከፍቷቸዋል፤ መታሸት ሲጨመርበት አንዱ ከሌላው ይጠላለፋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈታው የለም። ሞንጎሎች ይኼንን ሆን ብለው ያደርጉታል፤ ድንኳን ቤታቸውን የሚያለብሱት እንዲህ በተጠላለፈ የበግ ፀጉር ነው። እኔ ሳላስበው የሞንጎል ድንኳን ሠርቼ ኖሯል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይሉት ተረት ለባናም ይሠራል።

እናቴ ይኼንን መጽሐፍ አላነበበችም። ግን ታውቀዋለች፤ በግ በፈላ ውኃ አይታጠብም። የቀረችውን ሳምንት እዚያ ስሰነብት ነው ያ ቤት በዚህ ዓይነት ዕውቀት የተሞላ መሆኑን ያስተዋልኩት። ጋንና እንስራ ሸክላ ናቸው፣ የነካቸውን ሁሉ ይጠጣሉ፤ ሳሙና ካጠጣችኋቸው የሚቀጥለው ጠላ ሳሙና ሳሙና ይላል። ስለዚህ በግራዋ ቅጠል ይታሻሉ፣ በወይራ ጭስ ይታጠናሉ። አዲሱ ምጣድ ጎመን ዘር እየጠጣ ቀስ ብሎ ይሟሻል፤ ከሟሸ በኋላ በጨርቅ ይታሰሳል እንጂ ውኃ አይደፋበትም። መሶብ ይራገፋል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ድስት በአመድ ይፈገፈጋል። አባቴ በሕይወቱ ሳለ እርሻው ሲያልቅ ማረሻውን ነቅሎ፣ የቀንበሩን ጠፍር ሞራ ቀብቶ ከፀሐይ ያርቀው ነበር፤ ቆዳ ከደረቀ ይሰነጠቃላ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ሕግ አለው። ሕጉ የሚነሳው ደግሞ «ይኼ ዕቃ ከምን ተሠራ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ያልጠየቅኩት እሱን ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቼን ወደ ገጠር እየላክሁ የቃል ግጥም አስለቅም ነበር። ሴቶች ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ እየሰሙ ይጽፉልኛል፣ እኔ ቤት መታውን አርማለሁ። ወፍጮዋ ስትዶለዱም ማን፣ በምን፣ በስንት ጊዜ እንደሚወቅራት ግን አንድም ተማሪ እንዲጠይቅ አላዘዝኩም። ግጥሙን ወስደን ድንጋዩን ጥለን መጣን።

አንድ ሰው ግን ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ሞተው አዩ። ከፍ ብሎ ያሉት በሕይወት አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ልብስ አጠባ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ቆመው ተመለከቱ። ከዚያች ምልከታ የዓመታት ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እኔ «እንዶድ!» ብዬ የሳቅኩበት ፍሬ ማለት ነው።

ወፍጮ የሚወቀርበት ግስና ላሊበላን «ውቅር» ያሰኘው ግስ አንድ ነው። ነገሩም ይመሳሰላል። ከኛ ብዙም የማይርቁት እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና ዝናብ እንዳያስገቡ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ከሥራዎቹ አንዱ ያንን ልባስ ፍቆ ማንሳት ነበር። ድንጋይም እንደ ሸክላ ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ ማስተንፈስ አለበት። የቀቡትም ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አስበው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «የድሮው ሁሉ ጥሩ፣ የዛሬው ሁሉ መጥፎ ልትል ነው» እንዳይለኝ እፈራለሁ። አልልም። እኅቴን ብትጠይቋት ሳሙናዬን ባናው ላይ ስላፈሰስኩት እንጂ ስላመጣሁት አትቀየምም። እንዶድ ሲወቀጥ አፍንጫ ይቆጣል፣ ሲዘፈዘፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወንዝ ከገባም ከቀንድ አውጣው ጋር ዓሣውንም ይገድላል። የካቲት ላይ የደጋ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ባና መርገጥ የሚያስከትለውን ደግሞ የእናቴ ጉልበት ይመሰክራል። ጋን የሚያጥን፣ ምጣድ የሚያሟሽ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ያ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ጭምር ነው። እናቴ ያንን ሁሉ ስታውቅ ስሟን መጻፍ አልተማረችም፤ እኔ እንድማር በግ ሸጣለች። ስለዚህ ውለታውን በዕውቀቷ አድናቆት ብቻ አንጣለው። ለነገሩ እኔ አድናቆቱንም ዘግይቼ ነው ያመጣሁት።

ስመለስ እናቴ አንድ ቋጠሮ የደረቀ እንዶድ ሰጠችኝ። «ለነጠላህ ይሆንሃል» አለች። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ልወቅጠው? መደርደሪያ ላይ ከመጻሕፍቱ ጎን አስቀመጥኩት።

በ2016 ዓ.ም. እናቴ አረፈች። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከሳምንታት በኋላ እኅቴን በስልክ ሳገኛት ስለ መጨረሻዋ ቀናት ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ከዚያ እንዴት እንደ ወጣኝ አላውቅም፣ «ባናውስ?» አልኳት።

«እግሯ ላይ ነበራ» አለችኝ። «ለመላ አካሏ አይበቃማ። እግሯ ላይ ጣል እናደርግላት ነበር። ከድሮው ይልቅ ያሞቃል ትል ነበር። ጋሼን አትቆጡት፣ ለእግሬ ብሎ ነው ያሳጠረው ትለን ነበር።»

እውነቷን ነው እንዳልል እናቴን አውቃታለሁ፤ ሰው ለማጽናናት አታንስም። ውሸቷን ነው እንዳልል ደግሞ እንደዚያ ተጠላልፎ የጠበቀ የበግ ፀጉር ነፋስ አያሳልፍም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቋጠሮውን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ሙቀጫ የለኝም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ በጠርሙስ ቂጥ ደቆስኩት። ሳፋ አወጣሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላሁ። የለቅሶ ነጠላዬን ነከርኩ። ስንት ፍሬ ለስንት ውኃ እንደሚሆን ግን ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ፤ አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ እያስነጠሰኝ፣ ለእኅቴ መልሼ ደወልኩ።