“ምን ልርዳህ?” ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ

እንደ እኔ ያለ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ጋዜጠኛ ሲሸልስ ውስጥ በኪራይ ጀልባ ሰባት ቀን ሲንሸራሸር ከረመ ብትባሉ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት “ማን ከፈለለት?” የሚለውን ነው። ልክ ናችሁ፤ እኔም ሌላው ላይ የምጠይቀው እሱኑ ነው። የከፈለው የአክስቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ይኖራል፣ ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ ልደቴን ከነቤተሰቤ ባሕር ላይ ላክብር አለ። እኔ የሄድኩት ፎቶና ቪዲዮ ላነሳ ነው። ትኬቴንና አልጋዬን ቻለ፣ በላዩ ላይ ትንሽ ብር ጨመረልኝ። የጀልባዋን ኪራይ አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ጽሑፉን ትታችሁ እሱን ስታሰሉ ትውላላችሁ።

ከቦሌ ማሄ ደሴት በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛ አይጠይቁም፤ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ እንዲህ መግባት ራሱ ያስደነግጣል። አገሪቱ 115 ደሴቶች አሏት፤ የሕዝቧ ብዛት ግን ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ያንሳል። የሄድነው በጥቅምት፣ ከግንቦት ጀምሮ የሚነፍሰው ኃይለኛ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚበርድበት ጊዜ ነው። ከማሄ ወደ ኩሪየስ፣ ከዚያ ፕራሊን፣ ከዚያ ሰው ሁሉ በብስክሌት የሚሄድባት ላ ዲግ። ውኃው እንደ ሶደሬ አያቃጥልም፣ ግን ስትገቡ “እፍ” አያሰኝም። ኩሪየስ ላይ ግዙፎቹ የየብስ ኤሊዎች እንደ ሰፈር ውሻ በየመንገዱ ይዞራሉ፤ አንገታቸውን ስታኩላቸው ቀና ብለው ይቆማሉ። ያቺ ደሴት ድሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው የሚቀመጡባት ነበረች። የሐኪሙ ቤት ዛሬም አለ፤ ቱሪስት ደጃፉ ላይ ፎቶ ይነሣል። እኔም አንስቻለሁ።

እንግዳው ስምንት ነው፣ እኔን ጨምሮ። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፦ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ካፒቴን፣ ገመድና መልሕቅ የሚይዝ ወጣት፣ ከማዳጋስካር የመጣች ምግብ አብሳይ። ከጉዞው በፊት ለእያንዳንዳችን ቅጽ ተልኮልን ነበር። እንቁላሉ እንዴት ይጠበስልህ? የማይስማማህ ምግብ አለ? ትራስህ ጠንካራ ነው ለስላሳ? አክስቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ እሱም ተሞላ። አብሳይዋ ረቡዕ ዕለት ምስሩን በኮኮናት ወተት ሠርታ ስታቀርብላት፣ አክስቴ “ወተት አለበት” ብላ ገፋችው። ከዛፍ መሆኑን እስክናስረዳ ምስሩ ቀዘቀዘ። ልጅቱ አልተከፋችም፤ ወስዳ አሞቀችው።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ ኮከቦቹን ላነሳ ካሜራዬን ይዤ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄድኩ። ካታማራን የሚባለው ጀልባ ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት ቀጫጭን አካሎች አሉት። የሁለቱም ጫፍ ላይ፣ ወለሉ ላይ የተገጠመች አንዲት ክዳን አለች። ቀን ቀን ተቀምጬባት ፎቶ ሳነሳ ነበር፤ ገመድ የሚቀመጥባት መስላኝ። ከእግሬ ሥር ክዳኗ ተከፈተችና የአብሳይዋ ጭንቅላት ብቅ አለ። በቀጭን መሰላል ነው የምትወርደው። ከታች የሚታየው አንድ ፍራሽና ቁልቁል የሚጠብ ግድግዳ ነው። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የተናገረችው “ምን ልርዳህ?” የሚል ነበር።

ያን ጊዜ እህቴ ትዝ አለችኝ። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጊዜ፣ ለወራት ያህል ማታ አንዳችን ለውኃ ስንነሳ እሷ ፍራሽዋ ላይ ቁጭ ትል ነበር። እንደተኛች “ምን ላምጣ?” ትላለች። እኛ እንስቅ ነበር። የት ትተኛ እንደነበር ግን ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም። የጠየቅናት ማዳሟ ትመታት እንደሆነና ደመወዟን ትከለክላት እንደሆነ ነው። “አይ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው” ስላለችን ነገሩ አለቀ። ስለ አረብ አገር ስንጽፍም እንዲሁ ነን። እኔ ራሴ ከፎቅ ስለወደቁት፣ ስለተቃጠሉት ጽፌአለሁ። ጥሩ ሰዎች ቤት እየኖሩ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የራሳቸው የሆነ አንድ ሰዓት ስላጡት አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ለነገሩ የአክስቴ ልጅም ጥሩ ሰው ነው። ሳህኑን ራሱ አንስቶ ወደ ኩሽናው ይዞ ሲሄድ አብሳይዋ በትሕትና ተቀብላ ትመልሰዋለች፤ በዚያች ጠባብ ቦታ እሱ ሲገባ ሥራዋ ይቆማል። በመጨረሻው ቀን እንደ ልማዱ ጉርሻውን በፖስታ አድርጎ ለካፒቴኑ ሰጠ፤ ወፍራም ፖስታ ነበር። እኔን አንድ ቀን “አንተ እንግዳ ነህ ሠራተኛ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም ነኝ ስላት፣ “በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ?” አለች። ስምንት አልኳት። “እንግዳ ነህ” አለችኝ።

ከተመለስኩ በኋላ ሕጉን ፈለግኩ። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለአንድ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ከ200 ቶን በታች ሆነው ከአገር ውኃ ለማይወጡ ጀልባዎች ግን አገሮች አንዳንዱን ዝርዝር ማላላት ይችላሉ። ቢላላም ቢያንስ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ካፒቴኑ የሚከራከርበት ወረቀት አለው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከነጭራሹ ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ለቤሩት ማዳም የምንጠይቀውን ለቦሌና ለሽሮ ሜዳ እመቤት አንጠይቅም።

ይህን የምጽፈው እናቴ ቤት ሆኜ ነው። እዚህ ቤት የምትሠራ የ19 ዓመት ልጅ አለች። ማታ ኩሽና ውስጥ ፍራሽ ትዘረጋለች፣ ንጋት ላይ ጠቅልላ ከበሩ ኋላ ታቆመዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጥቅል ፍራሽ አልፌ ውኃ ስቀዳ ኖሬአለሁ።

ለእናቴ እሁድ እሁድ ዕረፍት ትውሰድ አልኳት። “እሺ፣ ግን ወዴት ትሄዳለች? እዚህ አገር ማንን ታውቃለች?” አለችኝ። እህቴ ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም። “ይልቅ ልጅቱን ጠይቋት” አለች።

ተጠርታ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። እሁድ ነፃ ብትሆን ምን እንደምታደርግ ጠየቅናት።

“ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።”

ከዚያስ?

እናቴን አየች፣ እኔን አየች። “እተኛለኋ።”