ጆሮ ዳባ ልበስ

መቼም ሰው ተጠርቶ ዝም ሲል «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ማለት ይቀናናል። እኔም ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ነው። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጎጃም ደጋ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ! አንዱን ተማሪ ጥያቄ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና ዝም። ደገምኩለት። ዝም።

«ምነው፣ ጆሮህ ዳባ ለበሰ እንዴ?»

«ሰምቻለሁ ቲቸር፤ ግን...» ከማለቱ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ዳባው» ሆኖ ቀረ። ሁለተኛም እጁን አላወጣም። አንድ ሰዓት ሙሉ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ እየተጓዘ እንደሚመጣ ደግሞ አውቅ ነበር።

ዛሬ ኑሮዬ ፍኖተ ሰላም ነው። ሰሞኑን በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ተመራማሪዎቹ 13 ፈቃደኞችን አሙቀው፣ የውስጥ ሙቀታቸው 2 ዲግሪ ያህል ሲጨምር፣ ከሚደጋገም ድምፅ መሀል ለየት ያለውን እንዲለዩ እያደረጉ የአንጎላቸውን ሞገድ ለኩ። ድምፁ አንጎል መድረሱን የሚያሳየው ቀዳሚው ሞገድ አልተለወጠም። ጆሮ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። አንጎል የሰማውን ሲያመዛዝን የሚነሳው፣ ፒ300 የሚባለው ሞገድ ግን ከ12.2 ወደ 8.3 ማይክሮቮልት ወረደ፤ ሲሶ ያህሉ ጠፋ። ሰውነታቸው መቀዝቀዝ ሲጀምር እንኳ ወዲያው አልተመለሰም።

እርግጥ ክፍላችን የልጁን ሰውነት ያን ያህል አሙቆታል ብዬ አልምልም። ግን «ሰምቻለሁ፤ ግን...» ማለቱ ውሸት እንዳልነበረ ገባኝ። መስማትና ልብ ማለት ለየቅል ናቸው።

የባሰው ሌላ ነው። በዚያው ጥናት የሞቃቸው ሰዎች ምላሽ ለመስጠት ይበልጥ ፈጥነዋል። ማመዛዘኑ ቀንሶ እጅ ይፈጥናል! እኔስ ከዚያው ቆርቆሮ ሥር አልነበርኩም? እሱ ዝም አለ፤ እኔ ፈጠንኩ።

እናም ባልደረቦቼ፣ ከባዱን ትምህርት ጠዋት አድርጉት። «ንፋስ ይመታናል» ሳትሉ መስኮቱን ክፈቱ። ከፀሐይ የገባው ልጅ ውኃ ይጠጣ፣ ትንሽ ይረፍ። ዝም ካለ ቀስ ብላችሁ ድገሙለት። ቅጽል ስም ግን አትስጡት። እኔ የሰጠሁትን መልሼ መውሰድ አልቻልኩም።