ሁለቱ ሰባ አራት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከስልክ ስልክ ሲዞር የዋለውን ጽሑፍ ሁላችሁም አይታችሁታል። ህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ግብጽና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፋፈሉትም 74 ቢሊዮን ነው፤ ስለዚህ ድርሻቸው በሙሉ በእጃችን ገብቷል ይላል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። በከተማችን በኩን ራፒድስ ስለ ዓለም ጉዳዮች የሚማሩት ልጆቻችን ይህንን ይዘው ክፍል እንዳይገቡ እሰጋለሁ። የስምምነቱ 74 በየዓመቱ የሚፈስ ውሃ ነው፦ 55.5 ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን፤ በስምምነቱ ከተሰላው የወንዙ ዓመታዊ 84 ቢሊዮን የቀረው 10 በትነትና በስርገት ይባክናል ተብሎ የተተወ ነው። የግድቡ 74 ግን የጋኑ ልክ ነው። ጋኑ ከሞላ በኋላ የሚገባው ውሃ፣ ከሚተነው በቀር፣ ተርባይን እየመታ ይወጣል። በየወሩ የሚገባ ደሞዝና ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ቁጥራቸው ስለገጠመ አንድ አይሆኑም። የከተማችን ግድብም እስከ 1966 ድረስ ከሚሲሲፒ ኃይል ሲያመነጭ ወንዙ መውረዱን አላቆመም። እርግጥ እንደ ህዳሴ ያለ ትልቅ ማጠራቀሚያ በሙሌትና በድርቅ ዓመታት የሚያስነሳው ጥያቄ አለ፤ እሱን የዘለለ ተማሪ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው የጻፈው።

ደግሞ ያ ከናይል ውሃ ድርሻችን የሚባለው 85 በመቶ! ሁሌም ለአባይ ብቻ ይሰጣል። ቁጥሩ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሱት የአባይ፣ የተከዜና የባሮ አኮቦ ድምር ነው፤ የአባይ ብቻውን 60 በመቶ ገደማ ነው። ስንት ዓመት ተደጋገመ፣ ስንት ጊዜስ ታረመ?

ሌላው እየዋሸ እኛ ስለ ቁጥር ዝርዝር ለምን እንጨነቅ የሚሉ አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር አብረውት ያሉትን አምስት እውነቶች ይዞ ይወድቃል። ዝርዝር ዋጋ እንዳለው ታሪካችንም ያሳያል፤ የውጫሌው ውል ክርክር የቆመው በቃል ልዩነት ላይ ነበር፦ አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። በ1959ኙም ስምምነት ትልቁ መከራከሪያችን ያለው እዚያው ሰነዱ ውስጥ ነው፤ ውሃውን ሁለት አገሮች ሲከፋፈሉት ኢትዮጵያ ተዋዋይ አልነበረችም። ይህንን ለመናገር ሁለቱን 74 ማጋጨት ምን አስፈለገ? ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ አንሡት።