ጆሮና መርፌ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሸክላ ወዳድ ተቸግሯል፤ ድምፃዊው «ሰ» ባለ ቁጥር መርፌው ያፏጭበታል። በሻንጣ ያስመጣቸው የአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ሸክላዎችም ብዙ የተጨፈረባቸው፣ የተጫጫሩ ናቸው።

«ኦርቶፎን 2ኤም ብሉ ካርትሪጅ ግዛ» አለው ጓደኛው። ታናሹ 2ኤም ሬድ ላለው ሰው መርፌዋን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይበቃል። ሞላላዋ የአልማዝ ጫፍ ጥቃቅኑን ድምፅ ሁሉ ትለቅማለች። ጭረቱንም ጭምር!

እሱ ግን ልቡ ዴኖን ዲኤል-103 ላይ አረፈ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጃፓን ብሮድካስት የተሠራ፣ 2.5 ግራም ተጭኖ የሚሄድ ካርትሪጅ። ጫፉ ክብ ስለሆነ የቦዩን ረቂቅ ንዝረት ሁሉ አይከተልም፤ ድምፁ ለስለስ ይላል። የሚያመነጨው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነውና ተጨማሪ ማጉያ አስገዛው። ኪሱ አለቀሰ።

ጓደኛው መጥቶ አዳመጠ።

«ጸናጽሉ አልደበዘዘም?»

«ዝም ብለህ ሳክስፎኑን ስማ!»